«ጂን ያለበት ቲማቲም»

ሰኞ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ነው። ሻጯ አንዱን አነሳችና መሬት ላይ ለቀቀችው። ነጠረ እንጂ አልፈነዳም። «አየህ? ያለ ፍሪጅ ሳምንት ይቆይልሃል» አለችኝ። አጠገቤ የቆሙ እናት ፊታቸውን አጨማደዱ። «ጂን አለበት ይባላል፤ ለልጅ ልጆቼ አልገዛም» አሉ። ሻጯ ክው አለች፦ «አዑዙ ቢላህ! ምን ጂን አለበት እማማ?»

እኔ እዚሁ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንዲህ ያለው ወሬ ገበያም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ክፍል ውስጥም አይጠፋም። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ጂን ያለበት ምግብ አንበላም»

ይሄ ጂን ጋኔኑ ሳይሆን ዘረመል ነው፦ ሕያው ነገር ሁሉ ውስጥ ያለ፣ ባሕርዩን የሚወስን መመሪያ። ታዲያ ከጨውና ከውሃ ሌላ ምን ሊበላ ነው? ጤፉም፣ ሽሮውም፣ ሥጋውም ጂን አለው። ሆዳችን እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል። ጎመን የበላ ጎመን አይሆንም። የዚያ ቲማቲም ልጣጭ የጠነከረው ደግሞ ዝርያ ከዝርያ በማዳቀል ነው።

«ምርጥ ዘር ሁሉ ጂኤምኦ ነው»

አይደለም። ወሎ ውስጥ ማሽላ የዘራ ሰው አቀንጭራን ያውቃታል። አበባዋ ሐምራዊ ነው፤ ሲያዩዋት ታምራለች። ተንኮሏ ከአፈር በታች ነው። እንደ አቧራ የደቀቀው ዘሯ መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላው ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው ያንን ኬሚካል እምብዛም የማይለቁ ማሽላዎችን ፈልገው ከሌሎች ጋር አዳቀሉ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። ከዝርያዎቹ አንዱ «አብሽር» ይባላል። የስሙን ትርጉም ለወሎ ሰው አላስረዳም።

ይሄ ማዳቀል ነው። ጂኤምኦ፣ በሕጋችን አጠራር ልውጠ ሕያው፣ የሚባለው ግን ላብራቶሪ ውስጥ ጂን ተመርጦ ሲገባበት ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ከማይዛመደው ፍጡር።

«ጂኤምኦ አገራችን ውስጥ ክልክል ነው»

ድሮ የተከለከለ ያህል ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በጣም ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ሲሻሻል ላላ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቲ ጥጥ ተፈቀደ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚገባ ሰው ጥጥ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስንቱን ቤተሰብ አሳድጓል።

ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ በተወሰደ ጂን ፀረ-ትል ፕሮቲን ይሠራል። ትሉ ሲበላው ይሞታል። ፕሮቲኑ አንጀቱ ላይ የሚጣበቅበት ቦታ ትሉ አለው፤ እኛ የለንም። በዚያ ላይ የጨጓራችን አሲድ ይፈጨዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ርጭት ይቀንሳል። መርጫውን በጀርባው አዝሎ መርዝ ሲተነፍስ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተፈቀዱት ዝርያዎች ድቅል ናቸው። ገበሬው ካመረተው ላይ ዘር አስቀርቶ ቢዘራ ምርቱ ይወርዳል፤ በየዓመቱ መግዛት አለበት። ትሉም ይለምዳል። ህንድ ውስጥ ሮዝ ጓይ ትል የሚባለው ቢቲ ጥጥን ተላምዶ ተመልሷል። ዘሩ ሲወደድ፣ ትሉም ሲመለስ፣ ኪሳራው የማን ነው? ይሄ ጥያቄ ገበያ ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

«ኢንሱሊን የሚሠራው ከአሳማ ነው»

ይሄኛው ወሬ ሰው ይጎዳል። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሐጂ ይህን ሰምተው መርፌውን አቆሙ። ሳምንት ሳይሞላ ስኳራቸው ጨምሮ ሆስፒታል ገቡ። ወሬው መነሻ የለውም አይባልም፤ ድሮ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ተመራማሪዎች የሰውን የኢንሱሊን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡ። በ1982 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች። ዛሬ የሰው ኢንሱሊን የሚባለውን የሚያመርቱት ባክቴሪያ ወይም እርሾ ናቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ ይህንኑ ስነግራቸው ባለቤታቸው ከጀበናው ቀና አሉ፦ «እርሾ ከሆነማ እኔ ቤት መቼ ጠፋ!»

እና አዎ፣ ይህ የጂን ቴክኖሎጂ ነው። ጂኤምኦ ሲባል ከሚያማርሩት መሀል ስንቱ በየቀኑ ይወጋዋል።

«ሳይንስ የፈለጉትን ዓይነት ልጅ ይሠራል»

ባለፈው አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ክሪስፐር ቁመት ይጨምራል?» አለችኝ። ክሪስፐር ጂንን የተፈለገው ቦታ ላይ ቆርጦ ለማረም የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ቁመትን የሚወስኑት በሺህ የሚቆጠሩ የጂን ልዩነቶች ናቸው፤ አመጋገብም አለበት። እንደ ቀሚስ ልክ ሰጥተው አያሰፉትም። ሙከራው ግን አልቀረም። ሄ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ጂናቸው የተነካካ መንትዮች እንዲወለዱ አደረገ፤ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ፅንስ ላይ የተደረገ ለውጥ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። በ2023 የተፈቀደው የሲክል ሴል የደም በሽታ ሕክምና ግን የታማሚውን የራሱን የደም ሴሎች ብቻ ነው የሚያርመው፤ ወደ ልጁ አይሻገርም። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ወደ ብር ሲቀይሩት ዜሮ በዛባቸው። ልጅቷ ቾኩን አስቀመጠችና «ቁመቱ ይቅርብኝ» አለች።