ሚክሲንግ ምንድን ነው? ጊታርን ማስጮህ አይደለም

ስለ ሃርድ ሮክ አልበሞች በሚጻፉ አስተያየቶች ውስጥ «ጊታሩ በሚክሱ ላይ ከፍ ስለተደረገ ነው የከበደው» የሚል አባባል ደጋግሞ ያጋጥመኛል። በቅርቡም አንድ ጸሐፊ የሮክ ቡድኑን የኤሲ/ዲሲን «ባክ ኢን ብላክ» አልበም ሲያወድስ፣ የአልበሙ ኃይል የመጣው ጊታሮቹ ከሁሉም በላይ እንዲጮኹ በመደረጋቸው እንደሆነ፣ ማስረዳት እንደማያስፈልገው እውነት አስቀምጦት አለፈ። ሙያዬ ሚክሲንግ ነውና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፤ ጸሐፊው ያሞገሰው ነገር፣ የአልበሙ ባለሙያዎች እንዳይደርስ የተጠነቀቁለት ነገር ነው።

ሚክሲንግ ለየብቻ የተቀዱ ትራኮች፣ ማለትም ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሮቹና ድምፃዊው፣ አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን በሁለት ስፒከሮች መካከል አብረው እንዲሰሙ የማድረግ ሥራ ነው። ከዚህ ትርጉም ውስጥ ዋናው ቃል «ሳይሸፍን» የሚለው ነው። ሁለት ድምፆች በአንድ የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ማለትም በተቀራራቢ የመርገብገብ ፍጥነት፣ ሲገናኙ ጎላ ያለው ደከም ያለውን ይሰውረዋል፤ የተሰወረው ድምፅ በቀረጻው ላይ አለ፣ ጆሯችን ግን አይለየውም። በተለመደው ቅኝት የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ (በሰከንድ 41 ጊዜ) ገደማ፣ የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ሄርዝ ገደማ ላይ ይርገበገባል። የቤዙ ሁለተኛ ሃርሞኒክ (ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር አብሮ የሚሰማው፣ በእጥፍ ፍጥነት የሚርገበገበው ድምፅ) ጊታሩ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚጋፉት ማንም ስለተሳሳተ ሳይሆን በተፈጥሯቸው ነው።

ለአራት ሰው የተሠራ አንድ አግዳሚ ወንበር እናስብ። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ድምፃዊ ይቀመጡበታል፤ ጊታር ግን እግሩን አንሰራፍቶ፣ ክርኑን ከፍቶ መቀመጥ የለመደ ሰው ነው። ሌሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ለብቻው ሲታይ ግርማ ሞገስ ያለው ይመስላል፤ በስቱዲዮ ውስጥ ጊታሩን ብቻውን እያዳመጠ ቃናውን የሚያሳምር ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ድምፁን ከፍ ማድረግ ይህንኑ ሰው ይበልጥ ማግዘፍ ነው፣ ወንበሩ ግን አይረዝምም፤ ዲጂታል ቀረጻ የማይታለፍ ወሰን አለውና። አንዱ በገዘፈ ቁጥር ሌላው ከዳር ይወድቃል። ባለሙያው የሚያደርገው ከጊታሩ ወፍራም ድምፅ የተወሰነውን በኢኳላይዘር (የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን ለየብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ቀንሶ ለቤዙ ቦታ መልቀቅ ነው። ሁለት ጊታሮች ካሉ አንዱን በግራ ጫፍ፣ ሌላውን በቀኝ ጫፍ አስቀምጦ መካከሉን ለድምፃዊው፣ ለቤዙና ለትልቁ ከበሮ ይተወዋል። ምሳሌው የሚጎድለው አንድ ነገር አለ፦ በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ተቀምጦ ይቆያል፣ የከበሮ ምት ግን ለቅጽበት ተቀምጦ ወዲያው ይነሣል። ስለዚህም አንድን ቦታ ሁለት ድምፆች በየተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ «ባክ ኢን ብላክ» የቆመውም በዚህ ላይ ነው።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1980 በባሃማስ ናሶ በሚገኘው ኮምፓስ ፖይንት ስቱዲዮ ሲቀዳ ፕሮዲዩሰሩ (የቀረጻው መሪ) ሮበርት ጆን «መት» ላንጅ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ቶኒ ፕላት ነበሩ። የማልኮም ያንግ ጊታር በግራ፣ የወንድሙ የአንገስ በቀኝ ነው። የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን የከፈተ ሰው የሚሰማው በኮርዶቹ መካከል የተተወውን ዝምታ ነው፤ ጊታሮቹ ተነሥተው ቦታውን ለከበሮው ይለቃሉ፣ ከዚያም ተመልሰው ሲመጡ ግዙፍ ይመስላሉ። ይህ ሊሆን የቻለው ዲስቶርሽኑ (አምፕሊፋየሩ በጊታሩ ድምፅ ላይ የሚጨምረው ሻካራነት) ብዙዎች ከሚገምቱት በታች ስለሆነ ነው። ዲስቶርሽን በጨመረ ቁጥር በጠንካራውና በለስላሳው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፣ ጣት ክሩን ሲመታ የሚሰማው የመጀመሪያው ምት ይደበዝዛል፣ ጭራው ይረዝማል፤ ዝምታ የነበረበት ቦታ በጉርምርምታ ይሞላል። ለብቻው ሲሰማ ከባድ የነበረው ጊታር ከቡድኑ ጋር ሲሆን የሚያንሰው ለዚህ ነው።

«ኤሲ/ዲሲ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልበም ነው የሚያወጣ» ለሚሉትም የምመልሰው ከዚሁ ነው። የአጨዋወታቸው ስልት ብዙ ስላልተለወጠ የፕሮዲዩሰርን ድርሻ ለይቶ ለማየት ከእነርሱ የሚመች ቡድን አላውቅም። ሃሪ ቫንዳና ጆርጅ ያንግ ፕሮዲዩስ ባደረጉት የ1977ቱ «ሌት ዜር ቢ ሮክ» የአምፕሊፋየሮቹ ጩኸትና ሻካራነት እንዳለ ተትቷል። በ1985ቱ «ፍላይ ኦን ዘ ዎል» ማልኮምና አንገስ ፕሮዲዩሰርነቱን ራሳቸው ሲይዙ የድምፃዊው የብራያን ጆንሰን ድምፅ በማስተጋባት ተውጦ ከጊታሮቹ ኋላ ቀረ። ያ ጸሐፊ የሚለው፣ ጊታር ሌላውን የሚበልጥበት ሚክስ፣ እዚያ አለ፤ ነገር ግን ከ1980ው ይልቅ ግዙፍ ሆኖ ይሰማኛል የሚል አድማጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይበልጥ የጎላው ማስረጃ የሜታል ቡድኑ የሜታሊካ ነው። በ1988ቱ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» የጄሰን ኒውስቴድ ቤዝ ፈጽሞ የማይሰማ ያህል ነው፤ ጊታሮቹ ወፍራሙን ክልል ይዘውታል፣ ውጤቱም ደረቅና ቀጭን ነው። አልበሙን ሚክስ ካደረጉት ሁለት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ስቲቭ ቶምፕሰን ቤዙ እንዲቀነስ የጠየቀው ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ እንደነበረ በአደባባይ ተናግሯል፤ ስለዚህ «ሚክሰሩ አበላሸው» ብሎ መፍረድም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። በ1991 ቦብ ሮክ ፕሮዲዩሰር በሆነበት አልበም ቤዙ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ጊታሮቹም ከቀድሞው የበለጠ ገዘፉ። ጊታርን ያከበደው ቤዙ ነው።

በሚክሲንግ የሚሳበብ ሌላም ጥፋት አለ። አንድን አምፕሊፋየር በሁለት ማይክሮፎኖች ስንቀዳና አንዱ ከሌላው 34 ሴንቲሜትር ገደማ ሲርቅ፣ ድምፁ ለሁለተኛው አንድ ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በ500 ሄርዝ አካባቢ አንዱ ሌላውን ያጠፋል፣ ጊታሩም ሙላቱን ያጣል። ይህ በቀረጻ ጊዜ የተፈጸመ ስለሆነ በኢኳላይዘር አይመለስም፤ ሚክሰሩ ቢችል አንዱን ትራክ ያጠጋጋል፣ ባይችል ይተወዋል።

አልበሞችን ለማወዳደር የሚነሣ ሰው የትኛውን ዕትም እንደሚያዳምጥም ይይ፤ በኋላ እንደገና ማስተሪንግ (ከሚክሱ በኋላ የሚደረግ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) የተደረገለት ዕትም ጮክ እንዲል ተደርጎ ከሆነ፣ የሚፈርደው በ1980 ሚክስ ላይ አይደለም። የሁለቱንም ድምፅ መጠን እኩል ያድርግ፤ በጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የጮኸው ዘፈን ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላልና። በጣም ዝቅ አድርጎም አያዳምጥ፣ ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ቤዝን አጥርቶ አይሰማም። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን ቀኝ አውልቆ የ1980ውን አልበም በግራው ብቻ ይስማ፤ የማልኮም ጊታር ያለ አንገስ ጊታር ምን ያህል ንጹሕና ልከኛ እንደሆነ ይደርስበታል።