ኤም አር አይ ምስል ለምን ይበላሻል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ምስሉን አደበዘዘው።»

ሐዋሳ ላይ ከኤም አር አይ (በመግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ማሽን) ክፍል በር የማይጠፋ ወሬ ነው። ከዲላ ወይም ከወላይታ ሶዶ ድረስ የመጣ ሰው «እንደገና ይነሳሉ» ሲባል ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ማሽኑም አንዳንዴ ጥፋተኛ ነው። ክፍሉ የውጭ የሬዲዮ ሞገድ እንዳይገባ በብረት ተሸፍኖ ነው የሚሠራው። በሩ በደንብ ካልገጠመ ሞገዱ ሾልኮ ይገባና ምስሉ ላይ የነጥብ መስመር ያሰምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምስል የሚያበላሸው እንቅስቃሴ ነው።

«ለአፍታ ብቻ እኮ ነው የተነቃነቅኩት።»

ኤም አር አይ በአንዴ ጠቅ ተደርጎ አይነሳም። አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ይፈጃል። ማሽኑ መረጃውን ጥቂት በጥቂት ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ደግሞ ለመላው ምስል ነው የሚውለው። መሃል ላይ ያሳሉት አንድ ሳል ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ነው፤ ከአንድ ጥግ ለቅመው አያወጡትም።

እንቅስቃሴ ምስሉ ላይ ተደጋጋሚ ጥላ ይጥላል፤ ጥላው ደግሞ የሚወጣው የግድ ሰውየው በተነቃነቀበት አቅጣጫ አይደለም። በአንድ አቅጣጫ መረጃው በሚሊሰከንዶች ይነበባል፤ በሌላው ግን ዙሩ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ጥላው የሚዘረጋው በዚህኛው ነው። ደስ የሚለው፣ ባለሙያው አቅጣጫውን ማዞር ይችላል። ወገብ ሲነሳ የሆድ እንቅስቃሴ ጥላ አከርካሪው ላይ እንዳያርፍ የሚደረገው አንዱ ዘዴ ይኸው ነው።

«ጭንቅላቴ ነው የሚነሳው፣ እግሬን ባጥፍ ምን ቸገረው?» የሚልም አለ። እግር ሲታጠፍ ወገብ ይከተላል፤ ጭንቅላትም ይነቃነቃል። የአንገት ምስልማ ምራቅ ሲዋጥም ይበላሻል።

ሆድ ሲነሳ ትንፋሽ ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ ያህል ይያዛል። እዚህ ላይ ቋንቋ ወሳኝ ነው። ሲዳምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት በጆሮ ማዳመጫው «ትንፋሽ ይያዙ» የሚል አማርኛ ሲሰሙ ግራ ይገባቸውና ጭራሽ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። አልጋው ላይ እንዳሉ፣ ሳይገቡ፣ በቋንቋቸው አንዴ ሁለቴ ማለማመድ ነው። አየሩን አስወጥቶ መያዝ ደግሞ ስቦ ከመያዝ ይሻላል፤ ጉበቱ በየዙሩ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። በበኩሌ ይህን ከውድ ሶፍትዌር አስበልጠዋለሁ።

«የገባልኝ ብረት ቲታኒየም ነው፤ ችግር የለውም።»

እዚህ ሁለት ጥያቄ ተቀላቅሏል። አንዱ የደህንነት ነው፤ እሱ ለብቻው ይጣራል። ሌላው የምስሉ ነው። ቲታኒየምም በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ያዛባል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ይተዋል። ስቴይንለስ ስቲል ይብሳል። ቀድሞ ያወቀ ባለሙያ ግን መላ አለው፦ ብረት በቀላሉ የሚያዛባውን ግራዲየንት ኤኮ የሚባል አነሳስ ትቶ ስፒን ኤኮ በሚባለው ያነሳል፣ ባንድዊድዝ (ማሽኑ ምልክቱን የሚያነብበትን የሞገድ ስፋት) ያሰፋል፣ የስብን ንጣት ከምስሉ ማጥፋት ካስፈለገ ስቲር በሚባል ዘዴ ያጠፋል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ቤት አይርሱት።

የሂውማን ሄር ክሊፕ፣ የሹሩባ ጌጥ፣ ማስካራ፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበት ኩልም እንዲሁ ናቸው። በማተብ የሚጣላም አለ። ክሩ ምንም አይልም፤ የሚወልቀው የብረት መስቀሉ ነው።

«መርፌው ያጠራዋል።» አያጠራውም። በደም ሥር የሚወጋው ማጉያ መድኃኒት፣ ጋዶሊኒየም፣ አንዳንድ ቁስሎችን ያጎላል እንጂ የተነቃነቀ ምስል አያቃናም።

«3 ቴስላ ሁልጊዜ ከ1.5 ይሻላል።» ቴስላ የመግነጢሱ ጥንካሬ መለኪያ ነው። ለአንጎል ዝርዝር፣ አዎ። ብረት ላለበት ወገብ ግን 1.5ን እመርጣለሁ፤ መስኩ ሲጠነክር መዛባቱም ያድጋል።

«ነጭ ሆኖ የታየ ሁሉ በሽታ ነው።»

ሲዲውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ሕብለ ሰረሰር ውስጥ በቁመቱ የሚሄድ ቀጭን ነጭ መስመር ፈሳሽ የቋጠረ ክፍተት ሊመስል ይችላል። አንዳንዴ ግን ምስሉ በቂ ነጥቦች ሳይኖሩት ስለተሠራ ብቻ የመጣ ነው፤ ማትሪክሱ (የነጥቦቹ ብዛት) ሲጨመር ይከስማል። ጅማትም ከዋናው መስክ በ55 ዲግሪ ገደማ ሲያጋድል በአንዳንድ አነሳስ ነጥቶ የተጎዳ ይመስላል። ራዲዮሎጂስቱ በሌላ አነሳስ ያመሳክራል። እዚያ ካልታየ ጅማቱ ደህና ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ሳይወጣ ምስሉን በቴሌግራም ለዘመድ አዝማድ ባይልኩት ይሻላል።