«የጋራ የዘር ሐረግ» ምንድን ነው?

«ዲኤንኤው ወጥቷል፤ ቤተ እስራኤል ከጎንደር ጎረቤቶቻቸው አይለዩም፤ ስለዚህ አይሁድ አይደሉም።» ይህችን አባባል መልኳን እየቀያየረች ስንቴ እንዳነበብኳት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወንድማችን በሌላ በር መጣና «አንድ ዘር መሆናችን ስለተረጋገጠ ቤተ እስራኤል፣ ቅማንት፣ ክርስቲያን የሚባለው ሁሉ ፈጠራ ነው» አለን። ሁለቱም «ጥናቱ» ይላሉ። ጥናቱ እኮ ከሁለቱም ጋር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በኔቸር መጽሔት የወጣው ጥናት ከብዙ አገር የተውጣጡ የአይሁድ ማኅበረሰቦችን ዘረመል ከየጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽሯል። አብዛኞቹ ወደ ሌቫንት (እስራኤል፣ ሊባኖስና ሶርያ ያሉበት አካባቢ) ሕዝቦች ሲጠጉ ቤተ እስራኤል ወደ ኢትዮጵያ ጎረቤቶቻቸው ቀረቡ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማን አይሁድ እንደሆነ ጥናቱ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም በምራቅ የዘረመል ምርመራ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

የጋራ የዘር ሐረግ ማለት የሁለት ወገኖች ዘረመል ወደ ኋላ ሲቆጠር ከአንድ የጥንት ሕዝብ የተቀዳ መሆኑ ነው። ሁሉም የሚዘለው ግን «መቼ?» የሚለውን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝቦች ውስጥ የሚታየው የአፍሪካና የምዕራብ እስያ ድብልቅ ወደ 3,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ እስልምና ደግሞ በ7ኛው መጣ። ስለዚህ ዛሬ በሃይማኖት የተለያዩ ጎረቤታሞች ከስር አንድ ሆነው መገኘታቸው ምኑ ይገርማል? (በዚህ ቁጥር ላይ ንግሥተ ሳባን የሚያስገባ አይጠፋም። ስሌቱ ድብልቁ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ቆጥሮ የሚሰጥ አማካይ ነው፤ ብዙ መቶ ዓመታት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። የአንድ ንግሥት ጉዞ አይለካበትም።)

እርሾን አስቡ። ሦስት ቤቶች እርሾ የወሰዱት ከአንዲት አያት ጓዳ ነው። ሊጡ ይመሳሰላል፤ ማዕዱ ግን የየቤቱ ነው። እንዲያውም አንደኛዋ ቤት ፋሲካ ሲደርስ እርሾውን አስወግዳ ቂጣ ትጋግራለች፤ ቤተ እስራኤል በየመንደሩ ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነው። አሁን አንድ ቀማሽ መጣ እንበል። በሕይወቱ የአሥር ቤት ሊጥ ብቻ ቀምሷል። የእናንተን ሲቀምስ «60 በመቶ የእትዬ ዘነበች ነው» ይላል። ከእትዬ ዘነበች አንዲት ጭላፊ አልወሰዳችሁም፤ እሱ ከሚያውቃቸው ውስጥ የምትቀርበው እሷ ስለሆነች ብቻ ነው። በፖስታ የሚላከው የዘር ምርመራ መቶኛም ከዚህ አይለይም፦ መቶኛው ኩባንያው በእጁ ካሉት ናሙናዎች ጋር ያላችሁ መመሳሰል ነው። ናሙናው ሲጨመር መቶኛውም ይቀየራል፤ የእናንተ አያቶች ግን እነዚያው ናቸው።

ምሳሌው የሚሰበርበትም ቦታ አለ። ቤተ እስራኤል በንጽሕና ሕጋቸው ከባዕድ ጋር ማዕድ ቀርቶ መነካካትም ይሸሹ ነበር፤ ከጎረቤት እርሾ መዋስ የሚባል ነገር አይታሰብም። እንግዲህ መመሳሰሉ የመጣው ወይ ድንበሩ ሳይጠብቅ በፊት ነው፣ ወይ በሃይማኖት ለዋጮች በኩል ነው። በሁለቱም አቅጣጫ የለወጡ ነበሩ፤ ሃይማኖቱን የሚለውጥ ሰው ደግሞ ዘረመሉን ደጅ ጥሎ አይገባም።

እስራኤልም ብትሆን ደም መርምራ አልወሰነችም። የሰፋርዲው ዋና ራባይ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤልን አይሁድ ሲሉ የተመረኮዙት በቀደሙ ሊቃውንት ብያኔ ላይ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ከነገደ ዳን የሚቆጥራቸው የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካይሮ ራባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉን (አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደውን) ሲያጸናላቸው የሰውን ሙሉ ዘረመል ማንበብ የሚችል መሣሪያ ገና አልነበረም።

ለሁለተኛው ወንድማችንም፦ ቅማንት፣ ቤተ እስራኤልና ክርስቲያኑ አገው ከአንድ የአገው ሥር መቀዳታቸው በቋንቋም ይታያል። ከዚህ ተነስቶ ግን «ስለዚህ ቅማንት የሚባል የለም» ማለት፣ ወንድማማቾች አንድ አባት ስላላቸው አንደኛው አልተወለደም እንደማለት ነው። ደግሞም ሰባት ቤት ተቆጥሮ ቢጋባም፣ ትንሽ ማኅበረሰብ ለዘመናት በውስጡ ብቻ ሲጋባ ዘረመሉ በአጋጣሚ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጥናቶች እያንዳንዱን ሰው በአንድ ነጥብ አድርገው የዘረመል ቅርበትን በሚያሳዩበት ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ላይ የዚህ ማኅበረሰብ ነጥቦች ፈንጠር ብለው ሲታዩ «ከሌላ አገር መጡ» የሚል አስተያየት ወዲያው ይከተላል። ነጥቦቹ ፈንጠር ያሉት ግን ከማኅበረሰቡ ቁጥር ማነስ ሊሆን ይችላል።