ስለ ኪዮቶ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች፣ በተለይም ስለ «ቀዩ በር»

ወደ ጃፓን የሚሄዱ ደንበኞቼ ለኪዮቶ የሚያመጡልኝ ዕቅድ አንድ መምህር ያስቀዳቸው ይመስላል። ጠዋት ቤተ መቅደስ፣ ከሰዓት በኋላ ተፈጥሮ፣ በመሃል «ቀዩ በር፣ ለፎቶ ግማሽ ሰዓት»። ቀዩ በር የሚሉት ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለውን መቅደስ ነው። ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህች መስመር ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን ላንሣ።

«ወርቃማው የኪንካኩጂ ቤተ መቅደስ ከ600 ዓመት በላይ የቆመ ሕንፃ ነው።» እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎታል። ዛሬ የምታዩት በ1955 እንደገና የተሠራውን ነው።

«የአራሺያማ የቀርከሃ ደን ግማሽ ቀን ይፈጃል።» ዋናው መንገድ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ማልዳችሁ ካልሄዳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

«መቅደስ ሁሉ የቡድሃ ነው።» ቶሪ የሚባለው በር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቦታው የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር እምነት ነው። በሺንቶ መቅደስ ሁለት ጊዜ እጅ ይነሣሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እጅ ይነሣሉ። በቡድሃ ቤተ መቅደስ ጭብጨባ የለም። ኪዮሚዙዴራ በሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ቆሞ ያጨበጨበውን ደንበኛዬን እንደማላውቀው ሆኜ አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ቀዩ በር፣ ማለትም ወደ ፉሺሚ ኢናሪ። በሥዕል የምታውቁት ከተራራው ግርጌ ያለውን ክፍል ነው። መቅደሱ ግን 233 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ራሱ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት በሮች በደኑ ውስጥ እስከ ላይ ይዘልቃሉ። ወጥቶ ለመመለስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃል። የጎጃምን የቤተ ክርስቲያን ደን ያየ ሰው መቅደስንና ተፈጥሮን በጠዋትና በማታ ከፍሎ ሲያመጣልኝ ይገርመኛል።

«ጥንታዊ በሮች» የሚባለውም እንዲሁ ነው። እንጨት ይበሰብሳል፣ ይተካል። በጀርባቸው የተጻፈውን ጸሎት ነው ብለው በአክብሮት የሚዳስሱ አሉ፤ የለጋሹ ስምና በሩ የቆመበት ቀን ነው። ኢናሪ የሩዝና የንግድ አምላክ ስለሆነ ከለጋሾቹ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ናቸው። በመቅደሱ ሐውልት የቆመላቸው ቀበሮዎችም የአምላኩ መልእክተኞች እንጂ አማልክት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በአፋቸው የያዙት የሩዝ ጎተራ ቁልፍ ነው።

«ሽቅብ መውጣት ለወጣት ነው» ለሚሉኝ የማነሣው አንዲት በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናትን ነው። እንጦጦን በእግራቸው የለመዱ ናቸው። ልጃቸው ግርጌ ላይ ለፎቶ ሲሰለፍ እርሳቸው ዮትሱትሱጂ ከሚባለው መገናኛ ደርሰው ከተማዋን ቁልቁል እያዩ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ልጁ ገና ተራው አልደረሰም ነበር።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ያለውን «ተፈጥሮ» ሰርዙት፤ ጠዋቱን በሙሉ ለዚህ ተራራ ስጡት። መግቢያው ነጻ ነው፣ ሌሊትም አይዘጋም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት (በጃፓን አቆጣጠር 6:00) ላይ ከደረሳችሁ መንገዱ የእናንተ ነው። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። የምትወርዱበት ኢናሪ ጣቢያ ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ የባቡር መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ነው፤ ፈጣኑ ባቡር ኢናሪ ላይ ስለማይቆም በየፌርማታው በሚቆመው ተሳፈሩ።