ፋሲልና ባሕር ዳርን ቢያዋህዷቸውስ? ስለ ክለቦች ውህደት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ አንዱ ድንገት ሐሳብ ጣለ። «ፋሲልንና ባሕር ዳርን አንድ ቢያደርጓቸው እኮ አፍሪካ ላይ ማንም አይችለንም ነበር!» የጎንደሩን ፋሲል ከነማንና ባሕር ዳር ከተማን፣ ሁለቱን የእግር ኳስ ክለቦች ማለቱ ነው። ለጨዋታ ያህል ያነሣው ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ ሰምቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ግን ተናወጠ። ግማሹ ደገፈው፣ ግማሹ ሊበላው ደረሰ። አንድ የማከብራቸው ጋሼ ሳይቀሩ ስኒያቸውን አስቀምጠው ገቡበት።

ነገሩ ሌላ አገር ላይ ተሞክሯል። ስለዚህ የዚያን ቀን የሰማኋቸውን ሐሳቦች አንድ በአንድ ላንሣቸው። ስለ ውጭ ክለቦች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች የፈረንጅ ናቸው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ሁለት ደካማ ሲደመር አንድ ጠንካራ ይወጣዋል»

ብዙ ሰው የሚያምነው ይሄንን ነው። በ1983 እንግሊዝ ውስጥ ሮበርት ማክስዌልም ያለው ይሄንኑ ነበር። ሰውዬው የጋዜጣና የማተሚያ ቤት ከበርቴ ነው፤ የኦክስፎርድ ዩናይትድ ሊቀመንበርም ነበር። ጎረቤቱንና ተቀናቃኙን ሬዲንግን ከኦክስፎርድ ጋር ቀላቅሎ «ቴምዝ ቫሊ ሮያልስ» የሚባል አዲስ ክለብ ሊመሠርት ተነሣ። ሁለቱም ከተሞች በቴምዝ ወንዝ ዳር ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ክለቦች በሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበሩ፣ የገንዘብ ችግርም ነበረባቸው። ማክስዌል ለየብቻቸው መኖር አይችሉም አለ።

ውህደቱ ከሸፈ። ለየብቻ የቀሩት ክለቦችስ ምን ሆኑ? ኦክስፎርድ በቀጣዩ ዓመት ሦስተኛ ዲቪዚዮንን በአንደኝነት ጨረሰ። በዓመቱ ሁለተኛ ዲቪዚዮንንም በአንደኝነት ጨረሰ። በ1986 ዌምብሌይ ላይ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስን 3 ለ 0 አሸንፎ የሊግ ዋንጫ አነሣ። ሬዲንግ መጀመሪያ ወደ አራተኛ ዲቪዚዮን ወረደ፤ ግን በዓመቱ ተመለሰ። የ1985/86 ውድድርን 13 ተከታታይ ጨዋታ በማሸነፍ ጀምሮ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆነ። «መኖር አይችሉም» የተባሉት እነዚህ ናቸው።

ለእውነቱ ያህል፣ ኦክስፎርድ የማክስዌል ገንዘብ ጠቅሞታል። ይሄ ራሱ ግን ክለቡ የቸገረው ገንዘብና ጥሩ አሰልጣኝ እንጂ አዲስ ስም እንዳልነበረ ያሳያል።

«ደጋፊውም ሁለት እጥፍ ይሆናል»

ጋሼ የመለሱት እዚህ ላይ ነው። «ማኛና ቀይ ጤፍ አደባልቀህ ገበያ ብታወጣ በማኛ ዋጋ የሚገዛህ አለ?» አሉ። ሰርገኛ ነው የሚባለው፤ ዋጋውም የሰርገኛ ነው። የጎጃም ሰው ይሄ ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

ልጅ ሆኜ እኔም አይቼዋለሁ። ለአንድ ውድድር ሲባል የኛንና የማዶውን ሰፈር ቡድን አንድ አደረጉብን። ሁለት ዓይነት ማሊያ አይሆንም ተባለና ነጭ ካኔተራ ለበስን። ቡድናችን ሲጫወት ሜዳ ዳር ቆመው የሚጮሁት እናቶችና ልጆች ያን ቀን ዝም ብለው ያያሉ። ማንን እንበል? የማዶው ልጅ ጎል ሲያገባ ከኛ ሰፈር ያጨበጨበ ሰው ትዝ አይለኝም። ከማዶ የመጣውም ተመልካች ጥቂት ነበር። የሁለት ሰፈር ሕዝብ ይመጣል ተብሎ የአንድ ሰፈር ሕዝብ እንኳ አልሞላም።

ባንክ ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ወደ ንግድ ባንክ ሲጠቃለል የደንበኛው ሂሳብ ተዛወረ፣ አለቀ። የባንክ ደብተሩን አቅፎ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። የክለብ ደጋፊን ግን እንደ ሂሳብ ቁጥር አታዛውረውም።

«ባለቤቱ ከወሰነ አለቀ፤ ደጋፊ ምን ያመጣል?»

ብዙ አመጣ። የኦክስፎርድ ደጋፊዎች ከዊጋን ጋር በነበረው ጨዋታ ሜዳው መሀል ገብተው ተቀመጡ፤ ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ። የሬዲንግ ደጋፊዎችም በከተማቸው ተቃውሞ አነሡ። በየዓመቱ ሲሰዳደቡ የኖሩ ሰዎች ለአንድ ጉዳይ በአንድ ወገን ቆሙ።

ጩኸቱ ብቻ አልነበረም። ሮጀር ስሚ የሚባል የሬዲንግ የቀድሞ ተጫዋች፣ በኋላም ነጋዴ የሆነ ሰው፣ ከተቃዋሚ የቦርድ አባላት ጋር ሆኖ የአክሲዮኑን ሽያጭ በሕግ ተከራከረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ውህደቱን የደገፉት የሬዲንግ ሊቀመንበር ለቀቁ፣ ዕቅዱም ፈረሰ። ማክስዌልን የሚያህል ከበርቴ በደጋፊ ግፊትና በአክሲዮን ሕግ ቆመ።

«የጠንካራው ክለብ ደጋፊማ ደስ ይለዋል»

በ1990 በስኮትላንዷ ኤድንብራ ውስጥ የሃርትስ ክለብ ሊቀመንበር ዋላስ መርሰር ተቀናቃኛቸውን ሂብስን ገዝቶ ከሃርትስ ጋር ሊያዋህድ ተነሣ። ሂብስ በ1875 አይርላንዳውያን ስደተኞች የመሠረቱት ክለብ ነው፤ ሰፈሩ ሌዝ ወደብ አካባቢ ነው። የሂብስ ደጋፊ «እጃችሁን ከሂብስ ላይ አንሡ» ብሎ ወጣ። የሃርትስ ሰውስ? ታዋቂው የሃርትስ አጥቂ ጆን ሮበርትሰን ሳይቀር ሐሳቡን ተቃወመ። መርሰር አልተሳካለትም።

በዓመቱ ሂብስ የስኮትላንድ ሊግ ዋንጫን በላ። በ2016 ደግሞ ሬንጀርስን 3 ለ 2 አሸንፎ የስኮትላንድ ዋንጫን አነሣ፤ ከ1902 ጀምሮ ለ114 ዓመት የጠበቁት ዋንጫ ነው። በ1990 ተውጦ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የሚያለቅሰው ሽማግሌ ማንን ይደግፍ ነበር?

«ውህደት ሁልጊዜ ይከሽፋል»

ይሄም ስሕተት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አምን ነበር። ሳምፕዶሪያ በ1946 ከሁለት የጄኖዋ ክለቦች ውህደት የተወለደ ነው። ስሙ ከሁለቱም ስም ተገጣጥሞ ተሠራ፣ ማሊያው ላይም የሁለቱም ቀለም አለ። በ1991 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ሮማም በ1927 ከሦስት ክለቦች ተመሠረተ፤ ላትሲዮ አልገባም ብሎ ቀረ፣ የዛሬው የሮም ደርቢ ያኔ ተፀነሰ።

ስኮትላንድ ውስጥ ካሌዶኒያንና ኢንቨርነስ ቲስል በ1994 ተዋህደው ወደ ስኮትላንድ ሊግ ገቡ። ከሁለቱም ወገን የተቆጣ ደጋፊ ነበረ፣ ተቀይሞ የቀረም አለ። ክለቡ ግን በ2000 ሴልቲክን በሜዳው 3 ለ 1 አሸነፈ፣ በ2015 የስኮትላንድ ዋንጫን ወሰደ። ለኢንቨርነስ ክለቦች ውህደቱ ቀድሞ የተዘጋ የሊግ በር ከፍቶላቸዋል። ኦክስፎርድና ሬዲንግ ግን ሊጉ ውስጥ የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው፤ ቢዋሃዱ ከሁለት ቦታ አንዱ ይጠፋል። ልዩነቱ ለኔ እዚህ ላይ ነው።

«ስም ብቻ እኮ ነው»

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ያነሣውን ጓደኛዬን ጠየቅሁት። «እሺ፣ ስሙን ማን እንለዋለን?» ትንሽ አሰበ። «ጣና» አለ። «አጼዎቹስ?» አለው የጎንደሩ ልጅ ወዲያው፣ የፋሲልን ቅጽል ስም ጠርቶ። «የጣና ሞገዶቹስ?» አለ ሌላው፣ የባሕር ዳርን ጠርቶ። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. ያነሣው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የማን ታሪክ ሆኖ ሊጻፍ እንደሆነም ተጠየቀ።

ጓደኛዬ ስኒውን እያዞረ ቆየ። ከዚያ ራሱ ጠየቀ። «ቆይ፣ ከፋሲል ጋር የምንጫወትበት ቀን ታዲያ ምን ልንሠራ ነው?»