የሩሲያ «ሉዓላዊ ኢንተርኔት»

ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 የፈረሙትና በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሥራ ላይ የዋለው የ«ሉዓላዊ ኢንተርኔት» ሕግ፣ የሩሲያ መንግሥት የአገሪቱን የኢንተርኔት ትራፊክ ከአንድ ማዕከል እንዲመራ፣ አደጋ አለ ባለ ጊዜም መረቡን ከውጭው ዓለም ነጥሎ እንዲያንቀሳቅስ ሥልጣን ይሰጣል። አርቃቂዎቹ በምክንያትነት የጠቀሱት አሜሪካ በ2018 ያወጣችውን የሳይበር ስትራቴጂ ነው፤ ጉዞው ግን ቀደም ብሎ ተጀምሯል።

ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ የዜጎች የግል መረጃ አገር ውስጥ ባሉ ሰርቨሮች እንዲቀመጥ በሕግ ተደነገገ፤ ይህን ያላሟላው የባለሙያዎች ማኅበራዊ መረብ ሊንክድኢንም በ2016 ተዘጋ። ድንጋጌው ለዜጎች ጥበቃ ሲባል እንደወጣ ቢነገርም፣ የመልእክቶች ይዘት እስከ 6 ወር ተከማችቶ ለደኅንነት አካላት እንዲቀርብ ከሚያስገድደው የ2016 ሕግ ጋር ሲነበብ፣ ይበልጥ የተጠቀመው መንግሥት ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ አያሻም።

ችግሩ መረቡ ለቁጥጥር ታስቦ አለመሠራቱ ነበር። ቻይና ከውጭ የምትገናኝባቸውን በሮች ከጅምሩ ጥቂት አድርጋ ስትገነባ፣ የሩሲያ መረብ በብዙ የግል ኩባንያዎች የተዘረጋና ከጎረቤት አገሮች ጋር በብዙ መስመር የተሳሰረ ነው። በ2018 የመገናኛ ተቆጣጣሪው ሮስኮምናድዞር ቴሌግራምን ለመዝጋት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማዞንና የጎግል አይፒ አድራሻዎችን (ሰርቨሮች በመረቡ ላይ የሚለዩባቸውን ቁጥሮች) ሲያግድ፣ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌላቸው አገልግሎቶች ተቋረጡ፤ ቴሌግራም ግን መሥራቱን ቀጠለ፤ እገዳውም በ2020 ተነሳ።

የ2019ኙ ሕግ መልስ የሰጠው ለዚህ ውድቀት ነው። በሕጉ መሠረት በየኦፕሬተሩ መረብ ውስጥ የሚተከለው የማጣሪያ መሣሪያ የሚያልፈውን ትራፊክ ይዘት ይመረምራል፤ የሚያዝዘውም ኦፕሬተሩ ሳይሆን ሮስኮምናድዞር ከርቀት ነው። በማርች 2021 ትዊተርን ለማዘግየት ሥራ ላይ ሲውል ማጣሪያው የትዊተርን አጭር አድራሻ፣ «ቲ ዶት ሲ ኦ»ን፣ በየትኛውም ስም ውስጥ ይፈልግ ስለነበር፣ ስማቸው በ«ቲ» ፊደል አልቆ «ዶት ኮም» የሚከተላቸው ማይክሮሶፍትና ሬዲትም አብረው ተጎተቱ። ዓመት ሳይሞላ ዩክሬን ስትወረር፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ትዊተር በማርች 2022 ተዘጉ።

ብዙ ሩሲያውያን ፊታቸውን ወደ ቪፒኤን፣ ትራፊክን መስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል ወደሚያሳልፈው አገልግሎት፣ ሲያዞሩ ክልከላውም ተከተላቸው፤ ከማርች 2024 ጀምሮ እገዳን ማለፊያ መንገዶችን ማስተዋወቅ የተከለከለ ሲሆን፣ አፕልም በዚያው ዓመት በሮስኮምናድዞር ጥያቄ በርካታ የቪፒኤን መተግበሪያዎችን ከሩሲያ መደብሩ አንስቷል።