የምንወደው ጸሐፊ ሲያርፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የምንወደው ጸሐፊ ሲያርፍ ሐዘኑ ለየት ይላል። አብዛኞቻችን ፊቱን አይተን አናውቅም። እጁን አልጨበጥንም። ግን በጭንቅ ሌሊት አብሮን ያመሸው፣ ንስሐ አባታችን ዘንድ እንድንሄድ ድፍረት የሰጠን፣ የተዘጋውን መጽሐፍ ቅዱሳችንን ያስገለጠን እሱ ነው። መርዶው የቤተ ዘመድ ያህል ያመናል። «ምንህ ነበር?» ብለው ቢጠይቁን ግን የምንመልሰው የለንም።

ያዘነውን ሰው «ክርስቲያን አያለቅስም» የሚሉ አሉ። ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል። እስራኤልም ሙሴን 30 ቀን አልቅሰውለታል (ዘዳ. 34፥8)። ሙሴ መሪያቸው ብቻ አልነበረም፤ ሕጉን ጽፎ ለካህናቱ ያስረከበ ጸሐፊያቸውም ነበር (ዘዳ. 31፥9)። እግዚአብሔር ልቅሶውን አልከለከለም። የልቅሶው ወራት ሲፈጸም ግን ኢያሱን አናገረው። «ባሪያዬ ሙሴ ሞቶአል» አለው፤ አፍታ ሳይቆይም ሕዝቡን ይዞ ተነሥቶ ዮርዳኖስን እንዲሻገር አዘዘው (ኢያ. 1፥2)። መርዶውና ትእዛዙ በአንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው። በመካከላቸው ሌላ ቁጥር እንኳ የለም።

ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ነው።

የግእዝ መዝገበ ቃላታቸውን በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ወፍራም ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ካልተዘረጋ አይነበብም። ለጀማሪ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ፊደሉ የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው፤ «ሀ»ን ፊት ለፊት አገኛለሁ ብሎ የገለጠ «አ» ይቀበለዋል። ከለመዱት በኋላ ግን ከእሱ መለየት ያቅታል። ንባቡ በግእዝ፣ ፍችው በአማርኛ፣ በየመካከሉ ደግሞ ቃሉ የሚገኝበት የቅዱስ መጽሐፍ ጥቅስ። አንድ ቃል ፍለጋ ገብታችሁ ዳዊት ስታነቡ ታመሻላችሁ።

ሥራው በእሳቸው አልተጀመረም። መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ ሳይፈጽሙት ዐረፉ፤ አደራውም ለደቀ መዝሙራቸው ተላለፈ። ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት ተቀምጠው ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን (የሶርያውያንን ጥንታዊ ቋንቋ)፣ ዐረብኛውን እያስተያዩ ደከሙበት። ሀገር ቤት ተመልሰውም አልተዉትም። በመሐል የጣልያን ወረራ መጣ። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና ታትሞ አልወጣም ነበር።

ሙሉ ዕድሜውን ለአንድ መጽሐፍ የሰጠ ሰው መጽሐፉን ሳያይ ሞተ። ለሥጋ ዓይን ይህ ኪሳራ ነው። ሙሴም ከናባው ተራራ ላይ ሆኖ ምድሪቱን በዓይኑ አየ እንጂ እግሩ አልረገጣትም። እኛ እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ቶሎ «ምስኪን!» እንላለን። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም፤ ምክንያቱም ታሪኩ እዚያ አላበቃም።

አደራውን የተቀበሉት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። አሰናድተው፣ ለኅትመት አብቅተው በ1948 ዓ.ም. አወጡት፤ መምህሩ ካረፉ ከ12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ታዲያ የማን ነው? የኪዳነ ወልድ ክፍሌ! ደስታ ተክለ ወልድ ስም የሚያንሳቸው ሰው አልነበሩም። በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙ ሊቅ ናቸው። ከሌላ ሰው ድካም ላይ ትንሽ ቆንጥሮ የራስ ማድረግ ሁሌም ቀላል ነው፤ ሟች ፍርድ ቤት አይከስም። እሳቸው ግን የመምህራቸውን ስም በመምህራቸው ሥራ ላይ አኖሩ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስተምረኝ ይህ ነው።

ጌታችን በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ ለደቀ መዛሙርቱ «ሌሎች ደከሙ እናንተም በድካማቸው ገባችሁ» ብሏቸዋል (ዮሐ. 4፥38)። ሦስቱን ሊቃውንት ሳስብ ይህ ቃል በዓይኔ ላይ ይታየኛል። አንዱ ጀመረ፣ አንዱ ደከመ፣ አንዱ አስረከበ። ከሦስቱ ማንም «ሥራው የእኔ ነው» ብሎ ይዞት መቃብር አልወረደም። የእግዚአብሔር ሥራ ሲጀመርም የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ በአንድ ሰው ሞት አይቆምም።

ቅዱስ ጳውሎስን ደግሞ ተመልከቱት። በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት የመሄዱ ጊዜ እንደ ደረሰ ይናገራል። ሩጫውን ጨርሷል፤ የሚጠብቀው አክሊሉን ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ወረድ ስትሉ ግን ጢሞቴዎስን ዕቃ ያስመጣዋል፤ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱን፣ «ይልቁንም በብራና የተጻፉትን» (2ጢሞ. 4፥13)። ሞቱን በደጅ እያየ መጽሐፍ ያስመጣል! ብራናዎቹ ከእሱ በኋላ ማን እጅ እንደገቡ አልተጻፈልንም። የልመናው መልእክት የተላከው ግን ለልጁ ለጢሞቴዎስ ነው፤ ዕቃውን የሚያመጣውም ሥራውን የሚቀጥለውም እሱ ነው።

ታዲያ እኛ የምንወደው ጸሐፊ ሲያርፍ ምን እናደርጋለን? ፎቶውን እንለጥፋለን። ከመጽሐፉ አንዲት መስመር እንቀነጭባለን፤ አንዳንዴ ከላይና ከታች ያለውን እንኳ ሳናነብ። «ነፍስ ይማር» እንጽፋለን። ሳምንት አይሞላም፣ ሌላ ወሬ ይመጣል። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ «ነፍስ ይማር» ጸሎት ነው እኮ! ስንቶቻችን ጽፈነው ስንቶቻችን ጸለይነው? ብዕሩ የጣፈጠ ሰውም እንደ ማናችንም ምሕረት የሚሻ ሰው ነው። ክርስትና ስሙን ከቤተሰቡ ጠይቁና በየደብራችሁ ለካህኑ ስጡ። በአርባውም በተዝካሩም ይታሰብ። ከአንድ ሺህ አድናቆት ይልቅ በቅዳሴ ላይ ስሙ አንዴ ቢነሣ ይጠቅመዋል።

ሌላም አለ። የስንት ሊቅ ደብተር በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። አባት ያርፋል፤ ልጆቹ ግእዙን አያነቡትም፤ ቤት ሲጸዳ ወረቀቱ በኪሎ ተመዝኖ ለቆራሌው ይሸጣል፣ ወይም ሱቅ ሄዶ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የነገራቸው ስለሌለ ነው። እናንተ ንገሯቸው። ለቅሶ ስትደርሱ ሳይሆን ሐዘኑ በረድ ሲል በትሕትና ጠይቁ። «እማማ፣ የአባባ ጽሑፎች የት አሉ? ፈቃድዎ ከሆነ ገጽ በገጽ ፎቶ እናንሣቸው» በሉ። ስልክ በየኪሳችን አለ። ጸሐፊው ገና በሕይወት ካለ ደግሞ ይበልጥ ፍጠኑ። ዓይናቸው የደከመ መምህር የጀመሩትን የሚያነብላቸው፣ ቃላቸውን ተቀብሎ የሚጽፍላቸው አንድ ልጅ ቢያገኙ ስንቱ ይተርፍ ነበር።

የዕብራውያን መልእክት ዋኖቻችሁን አስቡ ሲል «በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ነው የሚለው (ዕብ. 13፥7)። የጸሐፊውን አጻጻፍ የምንመስለው፣ ስለ እሱ ከሌሎች አድናቂዎች ጋር የምንጣላው ብዙ ነን። ጾሙን፣ ትዕግሥቱን፣ ሰው ሳያየው የደከመበትን ሌሊት የሚመስል ግን ጥቂት ነው። ዮሐንስ በራእዩ በጌታ የሚሞቱት ከድካማቸው እንደሚያርፉ፣ ሥራቸውም እንደሚከተላቸው ሰምቷል (ራእ. 14፥13)። የሚከተላቸው ሥራ እኛ በስማቸው የተከራከርነው አይደለም።

እግዚአብሔር አምላክ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስን፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድን፣ የአለቃ ደስታን፣ እናንተም በየልባችሁ የምታስቧቸውን ጸሐፍት ሁሉ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለእኛም አደራ ተቀባይ ልብ ይስጠን። አሜን።